ውስጡን ለቄስ

ስለ መዳብ አጠራረግ አስተያየት የሌለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ድስት ቢሆን ሰው አይቶ ያልፋል፤ ጀበና ቢሆን የባለቤቷ ጉዳይ ነው። መዳብ ግን ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ባለሙያ ይሆናል። አንዷ ሎሚና ጨው ትላለች፤ ሌላዋ የእንጨት አመድ፤ የሚኒባሱ ረዳት ኮካ አፍሱበት ይላል፤ ጡረታ የወጡት ወታደር የደንብ ልብሳቸውን ቁልፍ በምን በምን ይወለውሉ እንደነበር ከነጦር ክፍሉ ከነአለቃው ይተርካሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ የአንዳቸውም ምክር ከንቱ አይደለም። ሎሚውም ኮካውም አሲድ አለባቸው፣ አሲድ ደግሞ የመዳብን ዝገት ያሟሟል፤ አመዱም ቅባት ያነሳል። ችግሩ ሁሉም የሚያወሩት ስለ ላዩ መሆኑ ነው። አረቄ የሚያልፈው በውስጥ ነው።

እኔን ከዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተኝ የአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። የደብረ ብርሃን አረቄ ሲባል ሰምቶ ፈገግ ያላለ ወይም ያልተከዘ የሸዋ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ አክስቴም ለዚያ ስም የድርሻቸውን ካዋጡት ሴቶች አንዷ ናቸው። በአረቄ ልጆች አስተምረዋል፣ ቤታቸውን ቆርቆሮ አልብሰዋል፣ በአተላው ደግሞ በሬ አድልበዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወጡ የኖሩት እንደ እናታቸው በሸክላ፣ በቅልና በመቃ ነው። ድፍድፉ እሳት ላይ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተነከረው መቀበያ ይወርዳል፣ መጋጠሚያው ሁሉ በሊጥ ይደፈናል። ሸክላው በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል። መቃው ሲያረጅ ይጣልና ሌላ ይቆረጣል። ስለ መቃ ጽዳት ተሰብስቦ የተከራከረ ሰው የለም።

ከዚያ ልጃቸው ፍሪጅ ጠጋኝ ሆነ። ፍሪጅ ጠጋኝ ያለበት ቤት መዳብ ሳይገባ አይቀርም። ልጁ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ትልቅ ድስት ገዝቶ የመዳብ ቆብ አሠራለት፤ ከቆቡ አፍ ጣት የሚያህል የመዳብ ቱቦ አወጣ፤ ቱቦውን ጠቅልሎ ውሃ የተሞላ በርሜል ውስጥ ቀበረውና ጫፉን ከበርሜሉ ግርጌ ብቅ አደረገው። ሙቀት መለኪያም ሰክቶበት ነበር። ለሙከራ ውሃ ሲያፈላ መለኪያው 90 አካባቢ ደርሶ አልንቀሳቀስ ስላለው የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ ብሎ ባለሱቁን ሊያንቀው ሄደ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አገር ነው፤ እዚያ ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም። ይህን በስልክ ነግሬው ነው ባለሱቁ የተረፈው።

እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። በቤተሰባችን ዘንድ ይህ ማለት የፍሪጅ ጋዝም፣ የላም ሆድ መነፋትም፣ የፀጉር ቀለምም እኔን ይመለከታል ማለት ነው። ስለዚህ አክስቴ የቆቡ ውስጥ መጥቆሩን ባዩ ቀን የተደወለው ለእኔ ነበር።

«ይሄ የልጄ ዕቃ ጥላሸት ያበቅላል። መርዝ ይሆን እንዴ?»

አይደለም። እርሾ ሲሠራ ከአልኮሉ ጋር የድኝ ዘሮችንም ይወልዳል፤ ከእነሱ አንዱ የገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ነው። እንፋሎቱ ሲወጣ ይህ ሽታ አብሮ ይወጣል። መዳብ ድኝ ካገኘ አይለቅም፤ ይዞ ወደ ጥቁር የመዳብ ሰልፋይድ ይለውጠውና ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል። አክስቴ ጥላሸት ያሉት አረቄው ውስጥ ሊገባ የነበረውን ሽታ ነው። የስኮትላንድ ዊስኪ አውጪዎች ማሰሮአቸውን እስከ ዛሬ ከመዳብ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ በማይዝግ ብረት ብቻ የወጣ መጠጥ የተቀቀለ ጎመን ጎመን ይላል። መዳቡ ግን በነፃ አያገለግልም። በየጊዜው ከውስጥ እየሳሳ ይሄድና ከ15 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ይለወጣል። አዲሱ ሲሠራ የአሮጌው ስርጉዳት ሳይቀር በመዶሻ ይመለስለታል እየተባለ ይወራል፤ ጣዕሙ እንዳይሸሽ። እኔ ግን ስርጉዳት ጣዕም ያመጣል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ። ነገር ግን አክስቴም ጋን የሚመርጡት አንኳኩተው፣ አሽትተውና አባብለው ስለሆነ በፈረንጅ ብቻ ለመሳቅ አልደፈርኩም።

ያን ቀን በስልክ የነገርኳቸው አጭር ነው፦ «ጥቁሩን አይፍሩት፣ አረንጓዴውን ይፍሩ።» ቀጭን ጥቁር ሽፋን ይቀመጥ፤ ሲወፍርና ሲላጥ ብቻ ይነሳ። አረቄው ወጥቶ ሲያበቃ፣ ዕቃው ገና ትኩስ እንዳለ፣ ንጹሕ ውሃ በቱቦው ይለቀቅ፤ ከዚያ ቱቦው አፉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይድረቅ። አክስቴ ይህን በደንብ ያዙ። ጎረቤታቸው ግን ስልኩ ላይ አልነበረችም።

ጎረቤቲቱ ለኅዳር ሚካኤል ማኅበር ዕቃውን ተዋሰች። ድፍድፏ ቀን አልፎበት ወደ ኮምጣጤ ያዘነበለ ነበር አሉ፤ እሷ ግን ትክደዋለች። ሥራዋን ስትጨርስ ለባለቤቶቹ አክብሮት ለማሳየት ብላ ቆቡንም ቱቦውንም በሎሚና በአመድ ፈግፍጋ፣ በጨርቅ ወልውላ፣ ልጆቿን አሸክማ መለሰች። ዕቃው በሰፈሩ መካከል ሲያልፍ ሰው ከየደጁ ወጥቶ አየው። ላዩን ሲያዩት ወርቅ ነው፤ ውስጡን ለቄስ። ቱቦው ከተጠቀለለበት እጥፋት ውስጥ የመጨረሻው ደካማና ኮምጣጣ ፈሳሽ እንደተኛ ቀረ። አክስቴም የታጠበ ዕቃ ነው ብለው ጓዳ አስገቡት።

ኮምጣጤ፣ አየርና መዳብ ቤት ዘግተው አብረው ሲከርሙ ምን እንደሚወልዱ ፈረንሳዮች ከጥንት ያውቁታል። ሞንፔልዬ በምትባለው ከተማ ሴቶች በቤታቸው ምድር ቤት የመዳብ ሰሌዳ ከወይን ጭማቂ ተረፈ ምርት ጋር እያነባበሩ ያስቀምጡ ነበር። መዳቡ አረንጓዴ ሲያወጣ እየፋቁ ለሠዓሊና ለቀለም ነጋዴ ይሸጡታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ የታወቀችበት የሴቶች ንግድ ነበር። ጎረቤታችን ያንኑ ሙያ ሳትማረው ሠርታዋለች፤ የሸጠችው ግን ለማንም አይደለም፣ የአክስቴ ቱቦ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለልጅ ልጃቸው ሰርግ ጥንስስ ተጠንስሶ፣ ድፍድፉ ደርሶ፣ አረቄው ሊወጣ ሆነ። እኔም የእረፍት ቀን ስለነበረኝ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። የአክስቴ የነፍስ አባትም ለሌላ ጉዳይ መጥተው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ታኅሣሥ በደብረ ብርሃን ከምድጃ የሚያርቅ ወር አይደለም። ከበርሜሉ ግርጌ የመጀመሪያው ጠብታ ወደ ነጭ ኩባያ ወረደ። አክስቴ ኩባያውን ወደ ብርሃን አዞሩት። ዝም አሉ። እኔም ቀረብ ብዬ አየሁት፤ ክረምት አልቆ ደመናው ሲገፈፍ የሚታየውን ሰማይ ይመስላል።

አክስቴ የአረቄን ጥንካሬ የሚለኩት እንደ ጥንቱ ነው፦ ስኒ ማስቀመጫ ላይ ጥቂት ጠብ ያደርጉና ክብሪት ይጭሩበታል። ጥሩ አረቄ በቀን ብርሃን በማይታይ ሰማያዊ ነበልባል ነድዶ ያልቃል። ልማድ ነውና ያን ቀንም ጫሩ። ነበልባሉ መጀመሪያ እንደ ወትሮው ነበር፤ እየነደደ ሲያንስ ጠርዙ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ መሐሉም፣ በመጨረሻ ሳህኑ ላይ የቀረችው ምላስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለምለም አረንጓዴ ሆና ተወዛወዘችና ጠፋች። እኔ ይህን ሙከራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሥል ኖሬ፣ የመዳብ ጨው እሳትን አረንጓዴ ያደርጋል እያልኩ ትውልድ አስጽፌ፣ በዓይኔ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ብሎኝ «ግሩም!» አልኩ። የነፍስ አባታቸው አማተቡ። አክስቴ እኔን በክፉ ዓይን አዩኝ።

ጡረተኛው ወታደር ጩኸት ሰምተው ገቡና ሁኔታውን ከመረመሩ በኋላ «አረንጓዴው ከተገኘማ ቢጫና ቀዩ ይፈለግ፣ ለሰርጉ ባንዲራ ይሆነናል» አሉ። አንድ ዘመድ ደግሞ ለሆድ ትል ሳይጠቅም አይቀርም፣ ልቅመሰው ብሎ ኩባያውን ያዘ። ከእጁ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። መዳብ በጥቂቱ ለሰውነት ያስፈልጋል፤ በዛ ካለ ግን ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 2 ሚሊግራም ነው፤ ያ ኩባያ ግን ቀለሙን በሩቅ እየለየሁት ሊትር ሚሊግራም የምልበት አልነበረም።

ታዲያ ይደፋ? እዚህ ላይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የአክስቴ ልጅ ዳግም ይውጣ ባይ ነው፤ የመዳብ ጨው ከእንፋሎት ጋር አይነሳም፣ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። በሙያ ደረጃ እውነቱን ነው። ግን ወሬው እኮ ቀድሞ ወጥቷል። አክስቴ እህሉን፣ ጌሾውን፣ እንጨቱን በጣታቸው ቆጥረው ሲያበቁ «የሰርግ ቤት ሰማያዊ አጠጣች ከምባል ዱቄቱ ይቅርብኝ» አሉና የወጣውን ሁሉ ለከብቶቹ ከሚሄደው አተላ አርቀው ደፉት። ይህን ውሳኔ እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። ብዙ የተማረ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል።

በማግስቱ ጽዳት ሆነ፤ የጽዳቱ ቀን ከአረቄው ቀን የባሰ ነበር። ዕቃው ግቢ መውጣቱ ነው ጥፋቱ፤ አስቀድሜ ብያለሁ፣ መዳብ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሰው ይሰበሰባል። የልጁ ረዳት የድስት ሽቦ ይዞ መጣ፤ ሽቦ መዳብን ይቧጭራል፣ የብረት ፍርፋሪም ትቶ ይሄዳል ብዬ መለስኩት። ሽቦው ሲከለከል ረጅም ቀጭን ብረት አገኘ፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ቋጠረና ወደ ተጠቀለለው ቱቦ ገፋው። የተጠቀለለ ቱቦ በብረት አይጠረግም። ጨርቁ ተፈትቶ ከሁለተኛው ዙር ውስጥ ተወተፈ። ፍሪጅ ጠጋኙ ወንድሜ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ይህን ሲያይ በቁጣ የአየር መጭመቂያውን አመጣና ነፋበት። ጨርቁ እንደ ጥይት ወጥቶ ሰፌድ ላይ በተሰጣው ጌሾ መሐል አረፈ። ከቱቦውና ከቆቡ መጋጠሚያ ደግሞ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ብየዳው ለቋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ በገንዳ ሎሚና ኮምጣጤ በጥብጬ ለቆቡ አዘጋጅቼ ነበር። ዞር ባልኩበት አንዲት ደግ ሴት «ነጭ ልብስ የሚያነጣ ይህን ያቅተዋል?» ብላ የበረኪና ጠርሙስ ገለበጠችበት። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ የዋና ገንዳ ሽታ መጣ፣ ከዚያ ጉሮሮ ያዘ፣ ከዚያ ሰው፣ ዶሮና ውሻ በአንድ በር ተጋፍተው ወጡ። ግቢው ክፍት ባይሆን ኖሮ ይህን በሳቅ አልጽፈውም ነበር። እያለቀሱ የሚያስሉት ሁሉ እስኪረጋጉ ውጭ ቆየን፤ ነፋሱ ጠርጎ ከወሰደው በኋላ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ገንዳውን በብዙ ውሃ ደፋሁት። በረኪና ለመዳብ ብቻውንም ቢሆን ጠላት ነው፤ ይበላዋል። ሴትየዋ አሁንም ጥፋቱ የሎሚው ነው ትላለች።

ወንድሜ ለሥራ ተጠርቶ በሄደበት ሰዓት አጎቴ ቆቡን በፌስታል ጠቅልለው ሲወጡ ያዝኳቸው። ራዲያተር ጠጋኝ ቤት ሊያስበይዱ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው። የሚያስፈራኝ እዚህ ላይ ነው፣ አረንጓዴውም ጋዙም ቀልድ ነበር። የራዲያተር ብየዳ እርሳስ አለበት። ኮምጣጣ እንፋሎት እርሳሱን እያሟሟ ወደ መጠጡ ያወርደዋል፤ የተሟሟው እርሳስ ደግሞ ቀለም የለውም፣ ጣዕሙም እንኳን ሊያስጠረጥር ጣፋጭ ነው። መዳብ ሲያጠፋ ሰማያዊ ሆኖ ራሱን ያጋልጣል፤ እርሳስ ግን ድምፁን አያሰማም። ለአጎቴ የአሜሪካዋን ከተማ የቦስተንን ታሪክ ነገርኳቸው። የኒው ኢንግላንድ ረም የጠጡ ሰዎች ሆዳቸውን እየቆረጣቸው እጅ እግራቸው ሲዝል ሐኪሞች ነገሩን መርምረው ጥፋቱን ከእርሳስ ቆብና ከእርሳስ ቱቦ አገኙት። የማሳቹሴትስ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1723 በእርሳስ ዕቃ አረቄ ማውጣትን በሕግ ከለከለ። አሜሪካዊው ሊቅ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በልጅነቱ የሰማውን ይህን ነገር በ1786 በጻፈው ደብዳቤ አንስቶታል።

አጎቴ በጥሞና አዳምጠው «ይህ ፍራንክሊን የሚሉት ደብረ ብርሃንን ያውቃታል?» አሉኝ። አያውቃትም። ቢሆንም ቆቡን መለሱ፤ ማታ ወንድሜ በፍሪጅ ሙያው፣ እርሳስም ካድሚየምም በሌለበት የብር ዘንግ በየደው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምንም ወሬ የለውም፤ ሰዎቹ ስለሄዱ ይሆናል። ሲትሪክ አሲድ ለብ ባለ ውሃ በጠበጥን። የቱቦውን ግርጌ በቡሽ ደፍነን ከላይ ሞላነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ቡሹ ሲነቀል የወጣው ውሃ ከአረቄው የባሰ ሰማያዊ ነበር። ደፍተን ሞላን፤ ፈዘዝ አለ። እንደገና፤ እንደ ውሃ ሆነ። የተረፈውን አሲድ ለመግደል ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ለቀቅንበት፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ እስኪሰለቸን። ቆቡን በለስላሳ ጨርቅ ብቻ አበስነው፤ ቀጭኑ ጥቁር ሽፋን በቦታው ተቀመጠ። በመጨረሻ ድስቱን ውሃ ብቻ ሞልተን አፍልተን እንፋሎቱን በሙሉ መንገዱ ሰደድነው። ከአዲሱ ብየዳ የተረፈ ነገር ካለ አብሮ እንዲወጣ ጥቂት አረቄም አውጥተን ጣልነው። ወንድሜና እኔ ጨርሰናል ብለን እጃችንን ስንታጠብ አክስቴ የወይራ ጭስ ይዘው መጡ። ያልታጠነ ዕቃ ቤታቸው አይሠራም። መዳብ አይታጠንም ብንል ማን ሰምቶን፤ ቆቡን ጭሱ ላይ ደፍተው የሚያውቁትን ጸሎት አደረሱበት። እኔ በበኩሌ ጉዳት የለውም ብዬ ፈርሜያለሁ።

የሰርጉ አረቄ ጠርቶ ወጣ። በክብሪትም ተፈተነ፤ ሰማያዊ ነበልባል፣ ለአረንጓዴ ምልክት እንኳ የለም። ግን በድንኳኑ ውስጥ ሌላ ወሬ ይዞር ነበር፦ አረንጓዴው ለትላልቅ እንግዶች ተደብቋል። የሙሽራው አጎት ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ «እኛ ከማን አንሰን ነው ነጩን የምንጠጣው?» አሉኝ። ሦስተኛው ጥሪ ሳይደርስ ወደ ሴቶቹ ወገን ተዛወርኩ።

ለፋሲካ ያቺው ጎረቤት ዕቃውን ልትዋስ መጣች። አክስቴ እምቢ አላሉም። «ውሰጂ። አንድ ነገር ብቻ፣ ላዩን እንዳትነኪብኝ» አሏት። እሷም በንጽሕናዬ ተሰደብኩ ብላ ተቀየመችና ከታች ሰፈር ከሌላ ቤት ተዋሰች። የዚያኛው ቆብ ራዲያተር ቤት የተበየደ ነው ይላሉ። እስካሁን ሄጄ አላየሁትም፤ ማኅበሯ ላይ ስጠራ ግን ጠላ ነው የምጠይቀው።